የተሰናባቾች ጭምብል

በእኛ ስቱዲዮ ሰው ሲሰናበት የወርቅ ሰዓት አይሸለምም፤ ሌባ ይደረጋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ሰው ጨረቃ ላይ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የእናቶች ማኅበራት የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን ወጥረው ያዙ። የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን ዱላና ፍንዳታ ብቻ ሆነ፣ ልጆቻችን ቁርሳቸውን እየበሉ ሰው መደብደብ ይማራሉ አሉ። የጣቢያው ሰዎች ደግሞ ወደ ስቱዲዮው ባለቤት መጡ። እኛ ሽማግሌው ነበር የምንለው። ማንም ማንንም የማይመታበት፣ ልጆች ግን ከምንጣፉ የማይነሡበት ነገር አምጣልን አሉት። ሽማግሌውም ሁለት ወንድማማቾችን ከነእህታቸው፣ አንድ አሮጌ የሰርከስ ጋሪ፣ ደግሞም የገዛ ጅራቱን አይቶ የሚበረግግ ክሌም የሚባል በቅሎ ይዞ መጣ። ልጆቹ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። በደረሱበት ሁሉ መንፈስ አገሩን ያስቸግራል። ክሌም ይፈረጥጣል፣ ሲፈረጥጥም መንፈሱ ላይ ይወድቅበታል። ጭምብሉ ሲወልቅ ከሥሩ የሆቴሉ ባለቤት ወይም የሙዚየሙ ዘበኛ ይወጣል። ሽማግሌው ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ በመጨረሻ መንፈስ የለም፣ ሰው ነው ያለው። አሥራ ስድስት ዓመት እንጀራችንን የበላነው በዚህች ሕግ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የመልክዓ ምድር ስዕሎቹን የሚቀባልን አንድ አዛውንት ጡረታ ሊወጣ ሆነ። በዚያው ሳምንት የሠዓሊዎቹ ክፍል ለባሕር ዳሩ የመብራት ማማ መንፈስ የሚሆን ፊት ቸግሮት ነበርና የዚህን ሰውዬ ፊት ሳለው። ቅዳሜ ጠዋት ጭምብሉ ሲወልቅ አገር ሁሉ አየው። ሰውዬው በደስታ አለቀሰ፤ ስዕሉን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ላይ ሰቀለው ሲባልም ሰማን። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የሚወጣ ሰው ሁሉ ከመሄዱ በፊት በአንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ፊቱ ከጭምብል ሥር ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ላይ ሁላችን የፈረምንበት የራሱ ስዕል ይሰጠዋል። ደንቡ፣ መጀመሪያ ለሰውዬው በቃል ይነገረዋል፣ ከዚያ ይሣላል ነው። ጣቢያው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ጠበቃ ይልክብን ነበር። እኔ ሠላሳ አንድ ሰው እንዲህ ሲሸኝ አይቻለሁ።

ኤርሊን ፖቲት እባላለሁ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ሠዓሊዎቹ በእርሳስ የሳሉት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጣል፤ እሱን ሴል እንለዋለን። መስመሩ ከፊት ይሆናል፣ ቀለሙን የምንቀባው ግን ከጀርባው ነው፤ ከፊት የቀባነው እንደሆነ መስመሩ ይበላሻል። ስለዚህ ቀቢ እድሜዋን በሙሉ ሰውን ሁሉ ተገልብጦ ነው የምታየው። ተቀብቶ የደረቀውን ደግሞ ሌላ ሰው በማጉያ መነጽር ያረጋግጣል፣ ደህና ከሆነ ጠርዙ ላይ ይፈርማል። የቀባ አይፈርምም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የራሱን ስህተት የሚያይ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ቨርና ናት። አንድ ሰሞን ገባን፣ እኩል አረጀን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሱቅ ገብተን አንድ ዓይነት የመነጽር ሰንሰለት ገዛን፤ ፀጉራችንም ቀለም እንዳይነካው በአንድ ዓይነት ይጠቀለላል። በማጉያው ስናይ ግራ ዓይናችንን ስለምንጨፍን የሁለታችንም ቀኝ ቅንድብ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ወጣቶቹ መንትዮቹ ይሉናል። ፀባያችን ግን ሰማይና ምድር ነው። ቨርና ዝምተኛ ናት፤ ሰው ቀለም ቢደፋባት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። እኔ እንደዚያ አይደለሁም።

ክሌም በነዚህ ዓመታት ብዙ አይቷል። አንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ወደ አንድ ሰዓት አሳደጉትና ሞተን ልንቀር ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ልጆች ይወዷታል ብለው ተናጋሪ ካናሪ ጨመሩበት፤ ልጆች እንዴት እንደጠሏት የመጣውን ደብዳቤ ያየ ያውቃል። ሽማግሌው ከሞተ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ደግሞ ሕጉን አፈረሱና መንፈሱን የእውነት መንፈስ አደረጉት። ጭምብል የለም፣ ከሥሩ ሰው የለም። በዚያ ዓመት ከኛ ዘንድ የወጡት ሁለት ሰዎች ፊታቸው ሳይሣል ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ተመልካቹም ሸሸ። በሦስተኛው ዓመት ጭምብሉን መለሱልን።

ኦሎምፒኩ ወደ ከተማችን በገባበት ሐምሌ፣ የቀለም ሥራው ባሕር ማዶ፣ ወደ ታይፔ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው እውነት ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ገና ወሬው ሳይሰማ በሰኔ ወጥተው ነበርና ሁሉንም በአንድ ክፍል ውስጥ የመርከብ ወንበዴዎች አድርገን ሸኘናቸው። የቀረነው እኔና ቨርና፣ ሁለት ቀቢዎችም ነበርን።

ማክሰኞ ጠዋት የወቅቱ የመጨረሻ ክፍል ጥፋተኛ ፊት ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የናሙናው ወረቀት ወደኔ የሚመጣው ለፀጉሩ፣ ለቆዳው፣ ለልብሱ የቀለም ቁጥር እንድሰጥበት ነው። አየሁት። የተጠቀለለ ፀጉር፣ የመነጽር ሰንሰለት፣ በስተግራዬ በኩል የተሰቀለ ቅንድብ። አሥራ ስድስት ዓመት ከጠረጴዛው ማዶ የማየው ፊት ነው። ቨርና ናት።

ሳይነግሯት ስለዋታል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ያበሳጨኝ ግን አፏ ነበር። ሠዓሊው ዱዌይን የሚባል፣ ከኮሌጅ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ልጅ ነው። አፉን ሎሚ እንደመጠጠ፣ ሰው ሊቆጣ እንደተዘጋጀ አድርጎ ሣለው። ቨርና በሕይወቷ እንዲህ ዓይነት አፍ አሳይታ አታውቅም። አገልግላ አገልግላ በመጨረሻ በዚህ አፍ ትሸኝ? ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩት።

ቨርና ሥራ ካጣች የሚሆነውን አውቃለሁ። ባሏ ዴል ሳንባው ታሟል፤ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲበይድ ኖሮ አሁን ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ነው የሚተኛው። የሚታከመው በእሷ የጤና መድን ነው። እሷ ከወጣች መድኑም አብሮ ይወጣል። በዚህ እድሜዋ፣ ያውም ሁሉም ሥራ ወደ ታይፔ በሚሄድበት ዘመን፣ ማን ይቀጥራታል? ለሰው የማልራራ መስዬ እታያለሁ እንጂ ዴል የድሮ ወዳጄ ነው፤ የቤቴን ጣሪያ ሦስት ጊዜ ጠግኖልኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሌን ክሩፒክ ቢሮ ገባሁ። ሌን አዘጋጃችን ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ክፉ ወሬ ከመናገር ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። ሳንድዊች ሊጎርስ አፉን ከፍቶ ደረስኩበት።

«ሌን፣ ቨርናን አታስወጣትም» አልኩት።

«ቨርናን? ኤርሊን፣ ማን ነው ቨርናን…»

«ዝም በልና ልጨርስ። ፊቷን አይቼዋለሁ። ዴል እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ መድኑን ብትነጥቃት የገደልከው አንተ ነህ። ሰው መቀነስ ካለብህ እኔን ቀንሰኝ። ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። ያለኝ አንድ ድመት ነው፣ እሱም ደስ አልለውም።»

ሌን ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለበት።

«ከልብሽ ነው?» አለኝ።

«እኔ መች ነው ከልቤ ያልሆነ ነገር ተናግሬ የማውቀው?»

«እሺ። ቨርና አትወጣም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

እኔን ምን ሊያደርገኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እውነቱን ለመናገር ያለ እኔ ክፍሉ አንድ ሳምንት እንደማይቆም ስለማምን፣ እኔን ለማስወጣት አይደፍርም፣ ሌላ መላ ይፈልጋል ብዬ ነበር። ከቢሮው ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ለቨርና ምንም አልነገርኳት። የምታመሰግነኝ ከሆነ አንድ ቀን ራሷ ትድረስበት፣ ካልደረሰችበትም ይቅር አልኩ። በዚያ ሳምንት ያለወትሮዬ ለሁሉም ሰው ደግ ነበርኩ፤ ሁለቱ ቀቢዎች አሞሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

ቨርና ግን ተቀየረችብኝ። ዓይን ዓይኔን አታየኝም። ምሳ አብረን እንበላ ነበር፣ አሁን መኪናዋ ውስጥ ትበላለች። ፊቷ መሣሉን ሰምታለች ማለት ነው ብዬ ሆዴ ባባላት። ሐሙስ ቀን ከቤቷ የጋገረችውን የኮክ ፍሬ ኬክ ይዛልኝ መጣች፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ምን የሚሉት ነው ይሄ ብላት «ኮክ በዝቶ ነው» አለች። የኮክ ዛፏ ባለፈው ክረምት እንደተቆረጠ አውቃለሁ፤ ግን ጭንቀቷ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ አርብ ጠዋት የመጨረሻው ክፍል ሴሎች መጡ። የመጀመሪያውን ሳነሣ ፊቱ አልተቀየረም። ያው ሰንሰለት፣ ያው ቅንድብ፣ ያው ኮምጣጣ አፍ። ሌን ቃሉን በላ ብዬ ደሜ ፈላ። ልወጣ ስነሣ ግን የቨርና ወንበር ባዶ ነው። የጭምብሉን ሴሎች የምትቀባው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ዛሬ ሃያ አራቱንም እኔ ጠረጴዛ ላይ ትታቸው ሄዳለች። ከቀቢዎቹ አንዷ ራሴን አሞኛል ብላ ቀለም መበጥበጫው ክፍል ገባች አለችኝ።

እርግጥ ነው፤ የራሷን መሰናበቻ ማን ይቀባል? ሌን የትም አይሄድም፣ እሱን ከሰዓት እጮህበታለሁ፣ አሁን ይህን እኔ እቀባላታለሁ፣ ቢያንስ በደንብ ይቀባ አልኩ። ነጭ የጨርቅ ጓንቴን አጠለቅሁ። ሴሉን አንሥቼ እንደ ደንቡ በጀርባው ገለበጥኩት።

ቅንድቡ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ፀጉሩም፣ አፉም ዞረ። በየጠዋቱ ጥርሴን ስቦርሽ ከመታጠቢያ ቤቴ መስታወት ውስጥ የምታየኝ ሴትዮ ከጠረጴዛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው በመስታወት ነው፣ መስታወት ደግሞ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ሌላው የሚያየውን ፊቴን እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እድሜዬን በሙሉ የሰውን ፊት እየገለበጥኩ ስቀባ ኖሬ ይህን አላሰብኩትም። የኛን ካርቱን የሚያይ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ የትኛው በር እንደሚከፈት አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚንቀሳቀሰው ነገር በሴል ላይ ስለሚቀባ ከኋላው ካለው ስዕል ደመቅ ይላል። የሚንቀሳቀሰው የኔ ወንበር መሆኑን ሕንፃው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ አላወቅሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጓንቴን ሳላወልቅ ወደ ቀለም መበጥበጫው ክፍል ሄድኩ። ቨርና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ግራጫ ቀለም ታማስላለች። ከመደርደሪያው ግራጫዎች አንዱም አልነበረም። አዲስ ነው፤ ትንሽ ቢጫ ጣል ተደርጎበታል። የፀጉሬ ቀለም ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

አልዞረችም። «ሰኞ። ሌን ጠራኝና፣ ከታይፔ የሚመጣውን የምታረጋግጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትቀረው፣ ወይ አንቺ ወይ ኤርሊን አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ስለ ዴል ነገርኩት።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ ምንም አላልኩም» አለች። ማማሰሏን አቆመች። «አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ኤርሊን ከኔ ትበልጣለች ማለት ነበረብኝ፣ እውነቱ እሱ ነው። ዝም አልኩ። ከዚያ ኮክ ገዝቼ ኬክ ጋገርኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የቨርና ዝምታ ግን አራት ቀን ሙሉ ሲነቅዝ ሰንብቶ ነበር። እኔም ተናደድኩባት፤ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ማክሰኞ ዕለት እኔን ቀንሰኝ ያልኩት ከልቤ ነው፣ ለሷ ስል ነው፤ ግን ስሰጥ የሰጪ ክብር ነበረኝ። የሰጠሁት ሰኞ ዕለት ተወስዶ ያለቀ ነገር መሆኑን ሳውቅ አንጀቴ ተቃጠለ። ሌን እሱን ሁሉ እያወቀ ቃሌ ነው አለኝ። እሷ እያወቀች ኬክ ጋገረችልኝ። ወንበሬን እወደው ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። ከማንም ይበልጥ እችለውም ነበር።

ብልቃጡን ከእጇ ተቀብዬ ግራጫውን በብርሃን አየሁት። ትክክል ነው፤ ጠብታ እንኳ አልሳተችም። ይህን ቀለም ለማግኘት ስንት ጊዜ ቀና እያለች ፀጉሬን አይታ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

«ማክሰኞ ሌን ጋ ገብቼ ነበር» አልኳት። «ቨርናን አታስወጣ፣ ዴል አለ፣ እኔን አስወጣ ብዬው ነበር። ፊቱ ያንቺ መስሎኝ።»

አሁን ዞረች። «የኔ?» አለች። «በዚያ አፍ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረና ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋ መደርደሪያውን ተደገፈች። አላባበልኳትም፣ አልችልበትም። ቀለም እንዳይነካት ብልቃጡን ፈቀቅ አደረግሁና እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛችን ተመለስን። የመጀመሪያውን ሴል ራሴ ቀባሁት። ፀጉሩን በዚያ ግራጫ፣ ሰንሰለቱን በወርቅማው፣ ቆዳውን ለሆቴል ባለቤቶች በምንጠቀምበት ሐመር ቀለም። እስኪደርቅ ኬኩን በላን፤ ቆንጆ ነበር። ሲደርቅ በፊቱ ገለበጥኩትና ወደሷ ገፋሁት።

ቨርና እጇን አልዘረጋችም። «ሌላ ሰው ይፈርመው» አለች። «ከቀቢዎቹ አንዷ ትፈርመው።»

«የቀባ አይፈርምም። ከዛሬ ጀምሮ አረጋጋጯ ደግሞ አንቺ ነሽ። ሥራሽን ሥሪ።»

ማጉያውን አነሣች። ግራ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀኝ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቀለ። መስመሩን ከአገጭ እስከ ግንባር ተከተለችው። አፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አፉ ኮምጠጥ ብሏል» አለች ቀስ ብላ። «አንቺን አይመስልም። ለዱዌይን ይመለስለት ልበል?»

ካስመለሰችው አንድ ሳምንት ይፈጃል። አንድ ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ እቆይ ነበር። እሷም ይህን አውቃ ነው የጠየቀችኝ።

ወረቀቱን ካየሁ ጀምሮ ያ አፍ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ልክ ነው» አልኳት። «ፈርሚ።»

ጠርዙ ላይ ስሟን ፈረመች። ሃያ ሦስት ይቀሩን ነበርና ቀጣዩን አቀበለችኝ።